የስድስት ደቂቃ ሒሳብ

ዛሬ የማወጋችሁ ነገር ደስ የሚል አይደለም፤ ግን ከተነሳ አይቀር ጨርሰነው እንነሳ። አንድ አውሮፕላን ሲወድቅ ኪሳራው ስንት ነው? ይህን ጥያቄ ለቅሶ ቤት ውስጥ ብታነሱት የሚመልስላችሁ አታገኙም፤ “ሰው ሞቶ የምን ብር?” ተብላችሁ በዓይን ትገረፋላችሁ። ይሁንና ጥያቄውን እየጠየቁ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች ሞልተዋል። የመድን ድርጅቱ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤቱ ይጠይቃል፣ የበረራ ደኅንነት ደንብ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፣ አውሮፕላኑን የሠራው ኩባንያም ይጠይቃል። አራቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣችሁ አንድ አደጋ ብትሰጧቸው፣ ሲነሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምር ይዘው ነው የሚነሱት። ማንኛቸውም ላይዋሹ ይችላሉ።

ሁላችንም የምናውቀውን አደጋ እንያዝ። እሑድ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ አቀና። አየር ላይ የቆየው ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ከቢሾፍቱ ወዲያ፣ ቱሉ ፈራ በምትባል መንደር የእርሻ ማሳ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ አንድም የተረፈ የለም። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ጉድጓዱን ሳይቀር ለክቶ አስፍሮታል፤ ጥልቀቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 28፣ ርዝመቱ 40።

ከብረቱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነው፤ አየር መንገዱ ከተረከበው ገና አራት ወሩ። በኩባንያው የዋጋ ዝርዝር ላይ 121.6 ሚሊዮን ዶላር ይላል። ይህን ዋጋ ግን ከምሩ የሚከፍል የለም፤ በርከት አድርጎ የሚያዝ አየር መንገድ ግማሽ በግማሽ ያህል ያስወርዳል። ስለዚህ የብረቱ ኪሳራ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። መድን ሰጪው በውሉ ላይ የተስማማበትን ይከፍላል፣ ፋይሉን ይዘጋል። በአደጋ ሒሳብ ውስጥ ማንም የማይጨቃጨቅበት መስመር ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ።

በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመው ስምምነት ነው። አገራችንም አባል ናት። ስምምነቱ የሚቆጥረው በዶላር አይደለም፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት ኤስዲአር በተባለ የሒሳብ ገንዘብ ነው። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ለአንድ ተሳፋሪ ሞት የተቀመጠው ልክ 113,100 ኤስዲአር፣ በዶላር ወደ 157 ሺህ ነበር። እስከዚህ ድረስ አየር መንገዱ “ጥፋቱ የእኔ አይደለም” ብሎ መከራከር አይችልም። ከዚያ በላይ ከተጠየቀ ግን ጥፋት እንደሌለበት አስረድቶ ሊያመልጥ ይችላል።

ያው ስምምነት ከዚሁ ጋር ስለ ሻንጣም ይደነግጋል። ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ሻንጣ ለአንድ ተሳፋሪ የተቀመጠው ጣሪያ 1,131 ኤስዲአር ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው፤ 1,131 እና 113,100። ልክ መቶ እጥፍ። በእርግጥ የሻንጣው ጣሪያ ነው፣ የሰውየው ደግሞ መነሻ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም ያን ሕግ ሲያረቁ የዋሉት ሰዎች መጀመሪያ ላይ 1 ሺህንና 100 ሺህን ሲጽፉ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ያዩት አይመስለኝም።

በፈረንጆቹ ከመሳለቃችን በፊት ግን የራሳችንን ጓዳ እንፈትሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንድ ሰው በሌላው ጥፋት ሲሞት ለቤተሰቡ ሁለት ዓይነት ካሳ ያስባል። አንዱ ለቀረው መተዳደሪያ ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ ሟቹ ይሰጣቸው የነበረውን ቀለብ ያክላል። ሌላው ለሐዘኑ፣ ለሞራል ጉዳቱ ነው። አንቀጽ 2116ን ክፈቱ፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በምንም ምክንያት ከ1 ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 1 ሺህ ብር ወደ 400 ዶላር ይመነዘር ነበር፤ ሰው በሬ ይገዛበታል። ዛሬ አሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። የልጅ ሐዘን፣ የእናት ሐዘን፣ በአንድ ምሳ ሒሳብ ልክ።

መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የኢትዮጵያውያኑ ሟቾች የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲደረግ በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ 17 የሬሳ ሣጥኖች ነበሩ። ውስጣቸው ባዶ ነው። ለቤተሰብ የተሰጠው ከወደቀበት ቦታ የተነሳ አፈር ነበር። ይህንን ይዛችሁ ወደ አንቀጽ 2116 ተመለሱና 1 ሺህ ብሩን እዩት። “ሕይወት በገንዘብ አይተመንም” የሚለውን የተከበረ አባባል የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው። አልተምንም ብሎ እጁን ያጣጠፈ ሕግ ሰውን ከዋጋ በላይ አላደረገውም፤ በነፃ እንዲሄድ ነው ያደረገው።

ታዲያ የሚተምኑት እንዴት ነው የሚተምኑት? የድሮው መንገድ ቀላል ነበር፤ ሟቹ በቀረው ዕድሜው ምን ያህል ደመወዝ ያገኝ ነበር ብሎ ማስላት። በዚህ መንገድ ጡረታ የወጡ አባት ዋጋቸው ዜሮ ይሆናል፤ ልጆቿን የምታሳድገው እናትም እንዲሁ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቶማስ ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ጽሑፍ ነገሩን ገለበጠው። “የዚህ ሰው ሕይወት ስንት ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ “ሰዎች ትንሽ አደጋን ለመቀነስ ስንት ይከፍላሉ?” ብላችሁ ጠይቁ አለ። ሰውዬው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው፤ በዚህ ሥራው ባይሆንም።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። 10 ሺህ ሠራተኞች አሉ እንበል። ሁለት ዓይነት ሥራ ቀርቦላቸዋል፤ አንዱ መሬት ላይ ነው፣ ሌላው ፎቅ ላይ መወጣጫ ተንጠልጥሎ። ፎቁ ላይ በዓመት ከ10 ሺህ ሰው አንዱ ይሞታል። ሠራተኞቹ ይህን እያወቁ “በዓመት 960 ዶላር ከጨመራችሁልኝ እወጣለሁ” ካሉ፣ 10 ሺህ ሲባዛ በ960 ይሆናል 9.6 ሚሊዮን ዶላር። ከመካከላቸው ማን እንደሚሞት ማንም አያውቅም፤ አንዱ እንደሚሞት ግን ሁሉም ያውቃል። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ለደንብ ሥራ ይጠቀምበት የነበረው ዋጋም ይኸው 9.6 ሚሊዮን ነው፤ በየዓመቱ እየተሻሻለ ይሄዳል። አንድ የምወድለት ነገር አለ፤ ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ለሽማግሌውም ለልጁም ያው አንድ ዋጋ ነው የሚጠቀሙት።

ቀዳዳው ግን ወዲያው ይታያችኋል። አዲስ አበባ ላይ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ስምንተኛ ፎቅ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ስንት ተጨምሮለት ነው የሚወጣው? ምናልባት ምንም። እምቢ ቢል ከታች ተራ የሚጠብቅ አለ። በዚህ ስሌት የእሱ ሕይወት ርካሽ ወጣ ማለት ነው፤ የሚለካው ግን ችግሩ እንጂ ሕይወቱ አይደለም። ሥራ የሚያማርጥ ሠራተኛ ባለበት አገር የተሠራን ሚዛን አምጥቶ ምርጫ በሌለበት መዘርጋት የሚያወጣው ቁጥር የሚያሳፍር ነው።

ለማንኛውም በ9.6ቱ እንሂድ። 157 ሰው ሲባዛ በ9.6 ሚሊዮን፣ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ከቢሾፍቱው አደጋ አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን በዚያው ስሕተት ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። ሁለቱን ስትደምሩ 346 ሰው፣ 3.3 ቢሊዮን ዶላር። ይህ የሰው ሒሳብ ነው። ቦይንግ ደግሞ በጃንዋሪ 2020 የራሱን ሒሳብ አወጣ፤ 18.6 ቢሊዮን ዶላር። አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ ከሰማይ ወርዶ በመቆሙ ለአየር መንገዶች ለሚከፈል ካሳ 8.3 ቢሊዮን፣ ፋብሪካው በመስተጓጎሉ ለጨመረው የማምረቻ ወጪ ደግሞ የቀረውን። በሌላ አነጋገር በቦይንግ ደብተር ላይ የቆመው አውሮፕላን ከሞተው ሰው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጋዜጦች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ከአደጋው በኋላ በነበሩት ሁለት የገበያ ቀናት የቦይንግ አክሲዮን ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ አጥቷል። ያንን ከ18.6ቱ ጋር ደምሮ “ከ40 ቢሊዮን በላይ ከሰረ” ማለት ያምራል፤ ግን አንድን ዕዳ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። አክሲዮኑ የወረደው ባለ አክሲዮኖቹ “ይህ ነገር ገና ብዙ ያስከፍለናል” ብለው አስቀድመው ስለገመቱ ነው። ካሳም ለከፋዩ ወጪ ይሁን እንጂ ለዓለም በጥቅሉ ኪሳራ አይደለም፤ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ገብቷል። በእውነት የጠፋው ሰዎቹ፣ ብረቱ፣ ባክኖ የቀረው ሥራና ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀር አለ። በረራ 302 ላይ ከነበሩት መካከል በርካቶች ናይሮቢ ለሚከፈተው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ የሚሄዱ ነበሩ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ብቻውን 7 ሠራተኞቹን አጥቷል። እነዚህ ሰዎች ሊመግቡት የነበረው ሕዝብ በየትኛው መስመር ይጻፋል? የአየር መንገዱ ስምስ? ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት ከውጭ አገር “አብራሪዎቹ ናቸው” የሚሉ ጣቶች ተቀስረው ነበር። አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ተከትለው እንደነበር የያኔዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያቀርቡ ተናገሩ። በእነዚያ ሳምንታት ስንት ተሳፋሪ ሌላ አየር መንገድ መረጠ? አልተቆጠረም፤ ሊቆጠርም አይችልም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ክፍል ደረስን። አደጋውን የማስቀሪያው ዋጋስ ስንት ነበር?

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት አንድ ውል ጠቅሷል። ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ፣ አዲሱን አውሮፕላን ለማብረር አብራሪዎች ሲሙሌተር ላይ መሠልጠን ካስፈለጋቸው ከእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስለት ቃል ገብቶ ነበር። ሳውዝዌስት ያዘዘው በመቶዎች ነው፤ አባዙት። በሌላ በኩል አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ መለኪያ ብቻ ተንተርሶ ይሠራ ነበር። መለኪያው ከተሳሳተ ሥርዓቱም ይሳሳታል። ስለ ኤምካስ በግልጽ መናገር ማለት ሥልጠና ያስፈልጋል ማለት፣ ሥልጠና ያስፈልጋል ማለት ደግሞ ሚሊዮኖቹ ሄዱ ማለት ነው። የአብራሪዎቹ መመሪያ ስለ ኤምካስ አሠራር ሳያስረዳ አውሮፕላኑ ለገበያ ወጣ።

የኢንዶኔዥያው ከወደቀ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ስሌት ሠሩ። ዲሴምበር 2018 ላይ፣ ማለትም የእኛው ከመውደቁ ሦስት ወር በፊት። ማስተካከያ ካልተደረገ፣ ወደ 4,800 የሚጠጉ ማክሶች በ45 ዓመት የአገልግሎት ዘመናቸው ውስጥ ሰው የሚጨርሱ ከ15 በላይ አደጋዎች ሊያደርሱ ይችላሉ የሚል ውጤት ወጣ። በአማካይ በየሦስት ዓመቱ አንድ። እንግዲህ ስሌቱ አልጠፋም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ አለ፣ ሰዎቹም አይተውታል። ውሳኔው ግን ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል፣ ቦይንግ ሶፍትዌሩን እስኪያስተካክል አውሮፕላኑ ይብረር የሚል ሆነ። ቀጣዩ አደጋ ግን ሦስት ዓመት አልጠበቀም። ወረቀቱ ለሕዝብ የታየው ሁለተኛው ከወደቀ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነው።

ስሌት ሲሠራም የሚያሳዝን አለና ከሌላ ቦታ አንድ ልጨምርላችሁ። ያው መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2011 የአብራሪዎችን የዕረፍት ሰዓት የሚያሻሽል ደንብ አወጣ። የተሳፋሪ አውሮፕላን አብራሪዎች ተካተቱ፤ የዕቃ ጫኝ አብራሪዎች ቀሩ። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ዕቃ ጫኝ ሲወድቅ የሚሞቱት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በነፍስ ወከፍ ተባዝቶ ጥቅሙ ወጪውን አልሸፈነም። ኦገስት 14 ቀን 2013 ንጋት ላይ የዩፒኤስ ኤርባስ ኤ300 በርሚንግሃም፣ አላባማ ማረፊያው ሊደርስ ሲል ኮረብታ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል ድካምን ጽፈዋል። ድካም ሰውዬው ምን እንደጫነ አይጠይቅም፤ ደንቡ ግን ይጠይቃል።

ስለ ካሳ ከተነሳ የኬኔት ፋይንበርግን ስም ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ጠበቃ ነው፤ በአሜሪካ ትልቅ መቅሰፍት ሲደርስ “ለማን ስንት?” የሚለውን እንዲወስን የሚጠራ ሰው። ከመስከረም አንዱ፣ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ከሚሉት ጥቃት በኋላ የተጎጂዎችን ፈንድ ያስተዳደረው እሱ ነበር። ሕጉ ገቢን ተመልከት ስላለው ለአንዱ ቤተሰብ 250 ሺህ ዶላር፣ ለሌላው ከ7 ሚሊዮን በላይ ከፈለ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሚስት የባንኩን ሠራተኛ ሚስት አይታ ምን እንደምትል መገመት አያቅታችሁም። ሥራው ካለቀ በኋላ ፋይንበርግ፣ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ ለሁሉም እኩል መስጠት ይሻላል ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦይንግ ለሁለቱ አደጋዎች ቤተሰቦች 50 ሚሊዮን ዶላር አስቀምጦ እንዲያከፋፍል ሲጠራው፣ ለ346ቱም ለእያንዳንዳቸው 144,500 ዶላር ተሰጠ። አንድ ሣንቲም ሳይበላለጥ።

ይህንን ለመረዳት እኛ ፋይንበርግ አያስፈልገንም ነበር፤ የሰፈራችን እድር ሲሠራበት ኖሯል። ሟቹ ሚኒስትር ይሁን ጉሊት ቸርቻሪ፣ ወርኃዊ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብሩም አንድ ነው። ሀብታሙ የቀረበትን ሀብት ልጆቹ በፍርድ ቤት ይጠይቁ፤ እድሩ ግን የሚከፍለው ለሐዘኑ ነው፣ ሐዘን ደግሞ ደመወዝ የለውም። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ከየትኛውም የሕግ መጽሐፍ የተሻለ ብልሃት ይመስለኛል። ቦይንግ በጃንዋሪ 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ያደረገውን የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተመልከቱና አነጻጽሩ። 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች፣ 243.6 ሚሊዮኑ ለመንግሥት ቅጣት፣ ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን። ለ346ቱ ስታካፍሉት ለአንዱ ወደ 1.45 ሚሊዮን ይመጣል።

ቀጥሎ ያለው ቤተሰቦቹ ቦይንግን የከሰሱበት የቺካጎ ፍርድ ቤት ነው። ቦይንግ በኖቬምበር 2021 ለበረራ 302 ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረው ክርክር “ስንት?” ብቻ ሆነ። የኩባንያው ጠበቆች ተሳፋሪዎቹ ወዲያውኑ ስለሞቱ ሕመም አልተሰማቸውም፣ ከመውደቁ በፊት ስላሳለፉት ነገር ማስረጃ አይቅረብ ብለው ተከራከሩ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 ይቅረብ አሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ላይና ወደ ታች እየተናጠ የበረረባቸው እነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ራሳቸው የሒሳቡ አካል ሆኑ። በኖቬምበር 2025 ፍርድ ቤት የደረሰው የመጀመሪያው ጉዳይ በሕዝብ ዳኞች ፊት ታየ፤ ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ። ከአንቀጽ 2116 ጋር አታስተያዩት፤ ትታመማላችሁ።

የቀሩት ጉዳዮች ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አልቀዋል። ስምምነቶቹ ምሥጢር ናቸው፤ ለማን ስንት እንደተከፈለ የሚያውቁት ቤተሰቡ፣ ጠበቃውና ከፋዩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ድምሩን ልትዘጉ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ብረቱን ጽፋችኋል፣ ፋብሪካውን ጽፋችኋል፣ ቅጣቱን ጽፋችኋል፤ የሰዎቹን መስመር ግን የምትሞሉበት ቁጥር የሚሰጣችሁ አታገኙም።